የተራራው ዘፈንና ጭፈራ

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ከእንጦጦ ጀርባ ካለው ከሱሉልታ ሜዳ አንሥቶ እስከ ሰላሌ ድረስ የሚጨፈረው ጭፈራ ረገዳ ይባላል። ጎንደሬው በእስክስታ ትከሻውን ሲሰብቅ፣ የእኛ አገር ልጃገረድ አንገቷን ትነቀንቃለች፤ ጐልማሳውም ዱላውን ይዞ ከፊቷ ይዘላል። አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፤ ተቀባይ ከሌለ ዘፈን የለም። ገራርሳ ግን የብቻ ነው። ጀግና ግዳዩን፣ ድኻም በደሉን ይናገርበታል። ከአማርኛው ፉከራና ቀረርቶ ጋር ቢቀራረብም፣ ብሶት ማሰሚያነቱ ይበልጣል ብለን እናምናለን።

መሰንቆም አለ። አውታሩም ሆነ የደጋኑ ክር የፈረስ ጭራ፣ ፊቱም ቁርበት ነው። ፈረስ በሚወደድበት በሱሉልታ ጭራው አይቸግርም፤ የሚቸግረው መቺው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1963 ዓ.ም. ሐሊም ኤል ዳብ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ሲያቋቁም፣ የልዩ ልዩ አገር ባለመሣሪያዎችን በአንድ መድረክ ሰበሰበ። እኛ የሰበታ፣ የቡራዩና የሱሉልታ ልጆች ግን በክበባችን የምንጨፍረው ከስልክ በሚወጣ ዘፈን ነው። ስልክ ደግሞ ተቀባዩን አይጠብቅም፤ የደከመውን አይቶ አያዘገይም፣ የሞቀውን አይቶ አያስረዝምም። በሠርግ ቤት ያለው ኪቦርድም (ይቅርታ ይደረግልንና) ከዚህ ብዙ አይሻልም።

ስለዚህ ወላጆቻችንን የምንለምነው ገንዘብ አይደለም። ገራርሳ የሚያውቅ አባት፣ ዘፈን የምታወጣ እናት በየሰፈራችን አሉ፤ ነገር ግን «እኛ ምን ተምረን» እያሉ ያፍራሉ። እባካችሁ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ ክበባችን ብቅ በሉልን። ወንበር እናሰናዳለን፤ ደብተራችንንም ይዘን እንጠብቃችኋለን።