ያልተከበረ ወረቀት ምስክርነት፤ የ1990ዎቹ የቪዲዮ ጨዋታ መጽሔቶች ለቤተ መጻሕፍት ባለሙያ የሚያስተምሩት



በማናቸውም ቤተ መጻሕፍት ሁለት ዓይነት ወረቀት ይገኛል። አንደኛው ከገባበት ቀን ጀምሮ ለዘለቄታው እንዲጠበቅ የታሰበ ነው፤ ይመዘገባል፣ ይጠረዛል፣ በመደርደሪያም ላይ የተከበረ ቦታ ይሰጠዋል። ሁለተኛው ግን ወሩ ሲያልፍ እንዲጣል የታተመ ነው። ስለ መጀመሪያው ወረቀት ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተነግሯል። ሁለተኛው ግን የሚታወሰው አብዛኛውን ጊዜ ከጠፋ በኋላ ነው። በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚባለውም ስለዚህ ነው።

የዚህ ንግግር ርእስ ከሁለተኛው ወገን የሚመደብ ነው። በ1990ዎቹ ዓመታት በጃፓን፣ በአሜሪካና በብሪታንያ በየወሩ፣ በጃፓን ደግሞ በየሳምንቱ ጭምር፣ ይታተሙ የነበሩት የቪዲዮ ጨዋታ መጽሔቶች በዘመናቸው የልጆች መጫወቻ ተቀጥላ እንጂ ቁም ነገር ያለበት ጽሑፍ ተደርገው አይታዩም ነበር። ዛሬ ግን የዚያን ዘመን የጨዋታ ጥበብ ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው ከእነርሱ በቀር ሌላ ምስክር የሚያጣበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ የተናቀው ወረቀት እንዴት ማስረጃ ሆነ? ማስረጃነቱስ እስከ ምን ድረስ ይታመናል? የሚለውን መመርመር ተገቢ ይሆናል። በዚህ ንግግር ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማስታወስ ያስፈልጋል።

የመጽሔቶቹ ትውልድ የሚጀምረው ከ1990ዎቹ በፊት ነው። በ1981 በብሪታንያ «ኮምፒዩተር ኤንድ ቪዲዮ ጌምስ»፣ በአሜሪካ ደግሞ «ኮምፒዩተር ጌሚንግ ወርልድ» መታተም ጀመሩ። በ1986 በጃፓን በኋላ «ፋሚትሱ» በሚል ስም የታወቀው መጽሔት ተመሠረተ። በ1988 የኒንቴንዶ ኩባንያ የአሜሪካ ቅርንጫፍ «ኒንቴንዶ ፓወር» የተሰኘውን የራሱን መጽሔት አወጣ። ከዚያ በኋላ በአሥር ዓመት ጊዜ ውስጥ ቁጥራቸው እየበዛ ሄደ። በ1991 «አሚጋ ፓወር»፣ በ1993 «ኤጅ»፣ በ1995 «ኔክስት ጄኔሬሽን» ለአንባቢ ቀረቡ። የሶኒ ኩባንያ ፕሌይስቴሽን በ1995 በብሪታንያ ለሽያጭ ሲቀርብም ይፋዊ መጽሔቱ በዚያው ዓመት ተከተለው።

የአዘጋጆቹ ሥራ ቀላል አልነበረም። በዚያን ጊዜ ከጨዋታው መሣሪያ ላይ ምስልን በቀጥታ ወደ ማተሚያ ገጽ ማስተላለፍ እንደ ዛሬው የአንድ ቁልፍ ጉዳይ ስላልነበረ፣ በብዙ የዝግጅት ክፍሎች ውስጥ ካሜራ በእግሩ ላይ ተተክሎ በጨለማ ክፍል ውስጥ ወደ ቴሌቪዥኑ መስተዋት ይዞር ነበር። የፎቶግራፉ መዝጊያ እጅግ ከፈጠነ የቴሌቪዥኑ ጨረር ምስሉን ሥሎ ሳይጨርስ ስለሚዘጋ በፎቶግራፉ ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። ስለዚህ መዝጊያው በአሜሪካና በጃፓን የቴሌቪዥን ሥርዓት ቢያንስ ለ1/30 ሰከንድ ያህል ክፍት መሆን ነበረበት። ተጫዋቹም ጨዋታውን በተፈለገው ቅጽበት እንዲያቆም ይጠበቅበታል፤ ማቆሚያ የሌለው ጨዋታ ሲሆን ደግሞ አንዱ እየተጫወተ ሌላው ያነሣ ነበር።

ከዚህም በላይ በጽሑፉ መጠናቀቅና በመጽሔቱ ለገበያ መዋል መካከል የወራት ርቀት ነበር። በመሆኑም አዘጋጁ ብዙ ጊዜ የሚጽፈው ገና ስላልተጠናቀቀ ሥራ ነው። ይህ በዘመኑ እንደ ድክመት ይታይ የነበረ ነገር ለዛሬው ተመራማሪ ትልቅ ጥቅም አለው። ለገበያ ከመቅረቡ በፊት የተለወጠ ሥዕል፣ የተሰረዘ ደረጃ፣ ከነጭራሹ ተሠርቶ ያልወጣ ጨዋታ የሚገኘው በእነዚህ ገጾች ላይ ነው። ኩባንያው የሥራ ፋይሉን ቢያጠፋው እንኳ መጽሔቱ የመንገዱን ዱካ ይዞ ቀርቷል።

መጽሔቶቹ ከሁሉ በላይ የሚታወቁት ግን ሥራን መዝነው ነጥብ በመስጠታቸው ነው። የ«ፋሚትሱ» ሥርዓት አራት ገምጋሚዎች እያንዳንዳቸው ከ10 ነጥብ እንዲሰጡ፣ ድምሩም ከ40 እንዲታሰብ የሚያደርግ ነበር። በዚህ ሥርዓት ለመጀመሪያ ጊዜ 40 ከ40 ያገኘው በ1998 የወጣው የዜልዳ ተከታታይ ክፍል የሆነው «ኦካሪና ኦፍ ታይም» ነው። በብሪታንያ «አሚጋ ፓወር» መካከለኛ ሥራ 50 ከመቶ ማግኘት አለበት የሚል አቋም ያዘ። ይህ ለሒሳብ አዋቂ ተራ ነገር ይመስላል። ነገር ግን በሌሎች መጽሔቶች ዘንድ ከ70 በታች ያገኘ ሥራ እንደ ወደቀ ይቆጠር ስለ ነበር፣ አቋሙ ከአንዳንድ የጨዋታ አሳታሚዎች ጋር ቅራኔ ውስጥ አስገብቶታል።

የቅራኔው ምክንያት ግልጽ ነው። መጽሔቱ በከፊል የሚተዳደረው በማስታወቂያ ገቢ ነው፤ ማስታወቂያውን የሚሰጠው ደግሞ ሥራው የሚመዘንበት ያው ኩባንያ ነው። ቀድሞ ለማየት የሚያስፈልገውን የጨዋታ ቅጂ የሚልከውም እርሱ ነው። የ«ኒንቴንዶ ፓወር» ጉዳይ ደግሞ ከዚህም ያልፋል፤ መሣሪያውን የሚሸጠውና መጽሔቱን የሚያሳትመው አንድ ወገን ነበር። እንግዲህ ተመራማሪው በአንድ ገጽ ላይ 9 ከ10 የሚል ፍርድ ሲያነብ፣ በሚቀጥለው ገጽ ላይ የዚያው ጨዋታ ማስታወቂያ መኖር አለመኖሩን መመልከት ይኖርበታል።

ይህን ማለት ግን ፍርዱ ሁሉ የተሸጠ ነበር ማለት አይደለም። በ1994 «ኤጅ» መጽሔት «ዱም» ለተባለው ዝነኛ ጨዋታ 7 ከ10 ብቻ ሰጠ፤ ገምጋሚውም ከጭራቆቹ ጋር ከመተኮስ ይልቅ መነጋገር ቢቻል ኖሮ የሚል ምኞቱን ገለጸ። ይህ አስተያየት ለብዙ ዓመታት መሳለቂያ ሆኖ ኖሯል። በኋላ ግን ተጫዋቹ ከጠላቱ ጋር የሚነጋገርባቸው፣ ከመግደልም የሚታቀብባቸው ጨዋታዎች በመምጣታቸው የተሳለቁት ሰዎች ነገሩን እንደገና ለማየት ተገደዋል። አንድ ፍርድ በዘመኑ የተሳሳተ መስሎ መታየቱ ለመጣል ምክንያት ሊሆን እንደማይገባ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያስፈልግም።

ስሕተት ብቻ ሳይሆን ሐሰትም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። «ስትሪት ፋይተር 2» በተሰኘው የድብድብ ጨዋታ የእንግሊዝኛ ትርጉም ውስጥ ርዩ የተባለው ተዋጊ ባሸነፈ ጊዜ፣ ተሸናፊው አስቀድሞ ሼንግ ሎንግን ማሸነፍ እንዳለበት የሚናገርበት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። ሼንግ ሎንግ የሚባል ሰው ግን በጨዋታው ውስጥ የለም። ነገሩ የመጣው የአንድን የቡጢ ስልት ስም የሚጽፉት ፊደላት በቻይንኛ ንባብ እንደ ሰው ስም በመወሰዳቸው ነው። «ኤሌክትሮኒክ ጌሚንግ መንዝሊ» የተባለው የአሜሪካ መጽሔት በሚያዝያ 1992 እትሙ ይህን ስውር ተዋጊ ማግኘት የሚቻልበትን እጅግ አስቸጋሪ መንገድ ከፎቶግራፍ ጋር አወጣ። የሚያዝያ ቀልድ ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ አያሌ ወጣቶች ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አደሩ፤ ሌሎች መጽሔቶችም እውነት መስሏቸው መልሰው አተሙት። መጽሔቱ ቀልድ መሆኑን የገለጸው ከወራት በኋላ ነው። በ1994 በወጣው የጨዋታው ተከታይ እትም ላይ አኩማ የተባለ ስውር ባላንጣ በተጨመረ ጊዜ ደግሞ የዚህ ቀልድ ተጽዕኖ እንዳለበት በሰፊው ተነገረ። እንግዲህ የሚያዝያውን እትም «ሐሰት ነው» ብሎ የጣለ ቤተ መጻሕፍት የቀልዱን ብቻ ሳይሆን የተከታዩንም እውነት መነሻ ጥሏል ማለት ነው።

የመጽሔቶቹ ምስክርነት ከጨዋታ ዓለምም ወጥቶ ወደ ሕዝብ ጉዳይ ይደርሳል። በ1993 «ሞርታል ኮምባት» ለቤት መሣሪያዎች ሲወጣ፣ በኒንቴንዶ መሣሪያ ላይ ደሙ ወደ ግራጫ ላብ ተለውጦ ነበር። በሴጋ መሣሪያ ላይ ግን ሰባት ቁልፎችን በተወሰነ ቅደም ተከተል የተጫነ ሰው ደሙን ማየት ይችላል። ይህን የመሰለውን ምስጢር ከልጅ ወደ ልጅ ካዳረሱት መንገዶች አንዱ የመጽሔቶቹ የምክርና የምስጢር ቁልፍ ገጾች ነበሩ። በታኅሣሥ 1993 የአሜሪካ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባላት ስለ ጨዋታዎች ጭካኔ ጉዳዩን በይፋ መረመሩ፤ በ1994ም ኢንዱስትሪው ጨዋታዎችን በዕድሜ የሚመድብ አካል አቋቋመ። የምክር ቤቱ ቃለ ጉባኤ በክብር ተቀምጧል። ልጆቹ ራሳቸው ስለ ነገሩ ምን ይሉ እንደ ነበር የሚታየው ግን በመጽሔቶቹ የደብዳቤ ገጾች ላይ ነው።

የመጽሔቶቹ ማሽቆልቆል ምክንያት የታወቀ ነው። ኢንተርኔት ሲስፋፋ የወራት ርቀት የነበረው ዜና በሰዓታት የሚደርስ ሆነ፤ ማስታወቂያውም ወደዚያው ፈለሰ። «አሚጋ ፓወር» በ1996፣ «ኔክስት ጄኔሬሽን» በ2002፣ «ኮምፒዩተር ጌሚንግ ወርልድ» በ2006፣ «ኒንቴንዶ ፓወር» በ2012 ኅትመታቸውን አቆሙ። ከ1991 ጀምሮ የኖረው «ጌም ኢንፎርመር» በ2024 በድንገት ሲዘጋ የድረ ገጹ ጽሑፎች በዚያው ዕለት ከአንባቢ ተሰወሩ፤ በ2025 ሌላ ባለቤት አግኝቶ ተመለሰ። በዚህ አጋጣሚ አንድ እውነት ጎልቶ ታይቷል። ድረ ገጹ በአንድ ሰው ትእዛዝ ሲጠፋ፣ በየሰው ቤት የነበረው የወረቀቱ እትም ግን ባለበት ቆይቷል።

ይሁን እንጂ ወረቀትም ጠላት አለው። የእነዚህ መጽሔቶች አንጸባራቂ ወረቀት በነጭ ሸክላ የተለበጠ ነው። ውኃ ነክቶት ከደረቀ ገጾቹ እንደ ሙጫ ተጣብቀው አንድ ጡብ ይሆናሉ፤ ስለዚህ የረጠበ እትም ሳይደርቅ በፍጥነት ወደ በረዶ ማቀዝቀዣ መግባት ይኖርበታል። በመካከሉ የሚገኙት የሽቦ ስፌቶች ይዝጋሉ፤ ዝገቱም ወረቀቱን ይበላዋል። ከመጽሔቱ ጋር ይታደል የነበረው ሲዲ ደግሞ ስስ የአልሙኒየም ንጣፉ አየር ካገኘው ይበላሻል። ስካን ለማድረግም በቀለማት ሥዕል ላይ የታተመውን ጽሑፍ ኮምፒዩተር በትክክል ማንበብ ስለሚቸግረው የሰው ዓይን እርማት ያስፈልገዋል።

ከተፈጥሮ ጠላት ይልቅ የጎዳቸው ግን የባለሙያው ግምት ነው። በብዙ ቤተ መጻሕፍት የወቅታዊ ኅትመቶች ልማድ መሠረት ጥራዝ ሲዘጋጅ ሽፋንና የማስታወቂያ ገጽ ተቀዶ ይጣል ነበር። ከላይ እንደ ተገለጸው ግን ፍርዱን ለመመዘን የሚያስፈልገው ያ የተጣለው ማስታወቂያ ነው። ብዙውን ክፍተት የሞሉት የራሳቸውን የልጅነት ካርቶን ያልጣሉ ሰብሳቢዎች ናቸው። በ2017 በአሜሪካ የተመሠረተው የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክ ድርጅት በጥር 2025 ከ1,500 በላይ የመጽሔት እትሞችን በቃል ፍለጋ ማንበብ የሚቻልበትን ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት ለሕዝብ ከፍቷል።

የሕግ ጥያቄም አለ። በ2016 «ኒንቴንዶ ፓወር» በኢንተርኔት ቤተ መዛግብት ላይ በስካን ከቀረበ በኋላ በባለ መብቱ ጥያቄ ተነሥቷል። የባለ መብት መብት ሊከበር ይገባል፤ የማይታተምና የማይሸጥ ነገር ለአንባቢ ተዘግቶ ሲቀር ግን ጉዳቱ የሕዝብ ነው። ያው ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት ከ2010 በፊት በአሜሪካ ከወጡት ጨዋታዎች 87 ከመቶ የሚሆኑት በገበያ ላይ እንደማይገኙ ገልጿል። በ2024 ደግሞ የአሜሪካ የቅጂ መብት መሥሪያ ቤት፣ ቤተ መጻሕፍት እነዚህን ጨዋታዎች በሩቅ ላለ ተመራማሪ በኢንተርኔት እንዲያቀርቡ የተጠየቀውን ፈቃድ ሳይሰጥ ቀርቷል። ጨዋታው ራሱ በማይገኝበት ጊዜ ስለ ጨዋታው የተጻፈው ወረቀት ምን ያህል ዋጋ እንደሚኖረው ከዚህ መገመት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ለሙያው የሚተርፈው ትምህርት ሦስት ነው። አንደኛ፣ ወቅታዊ ኅትመት ከሽፋኑና ከማስታወቂያው ጋር ሙሉ ሆኖ ይጠበቅ። ሁለተኛ፣ ምርጫው በዛሬው አንባቢ ክብር ብቻ አይወሰን፤ ዛሬ የሚናቅ ርእስ ነገ ብቸኛ ምንጭ ሊሆን ይችላልና። ሦስተኛ፣ በየቤቱ ካርቶን ያላቸው ሰብሳቢዎች እንደ ተቀናቃኝ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ይታዩ።

ቦታ ውስን መሆኑ፣ በጀትም አነስተኛ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ሁሉን መያዝ አይቻልም። የሚጣለው ነገር ሲወሰን ግን የተጣለው ምን እንደ ነበር፣ ከየትኛው እስከ የትኛው እትም እንደ ነበርና ለምን እንደ ተጣለ በካታሎጉ ላይ መመዝገብ አያዳግትም። ባዶ መደርደሪያ እንኳ ምክንያቱ ከተጻፈበት ለሚመጣው ተመራማሪ ሌላ ቦታ እንዲፈልግ ይነግረዋል። ምክንያቱ ያልተጻፈበት ባዶ መደርደሪያ ግን በዚያ ቦታ አንዳች ነገር እንዳልነበረ በሐሰት ይመሰክራል።