ሸክላው ያስቀረው ድምፅ

ስለ አርቱሮ ቶስካኒኒ የተቀረጹ ሥራዎች ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር



«በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» የሚለው የአባቶች ብሂል ከሌላው ሰው ይልቅ መምህርን የሚያሳስብ ነው። መምህር የሚያስተምርበት መጽሐፍ ከእርሱ በፊት ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ ይኖራል። ነገር ግን መምህሩ በመጽሐፉ ላይ ከራሱ የጨመረው ነገር፣ ይኸውም የአነጋገሩ ለዛ፣ የትዕግሥቱ ልክ፣ ስሕተትን የሚያርምበት መንገድ፣ ደወሉ ሲደወል ከአየሩ ጋር ይሄዳል።

የሙዚቃ መሪም ዕጣ ይህንኑ የሚመስል ነው። ደራሲው ሐሳቡን በኖታ ጽፎ ስለሚተው ቤትሆቨን በ1827 ቢሞትም ሲምፎኒዎቹ ተወርሰዋል። መሪው ግን በእጁ ከያዛት ቀጭን ዘንግ በቀር የሚነፋውም የሚመታውም መሣሪያ የለውም፤ ሥራው በሌሎች ሰዎች እጅና ትንፋሽ ውስጥ የሚያልፍ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ታላላቅ መሪዎች እንዴት አድርገው ያሰሙ እንደ ነበር፣ ከሰሚዎቻቸው ወሬ በቀር ምስክር የለም። ከዚህ ዕጣ በከፊል ካመለጡት ሰዎች አንዱ የኢጣልያው ተወላጅ አርቱሮ ቶስካኒኒ ነው። ያመለጠውም በሸክላ አማካይነት ነው፤ ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ ሸክላን ለብዙ ዘመን አላመነውም ነበር። (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ቶስካኒኒ መጋቢት 25 ቀን 1867 በፓርማ ከተማ ከአንድ ልብስ ሰፊ ተወለደ። በተወለደበት ከተማ በሚገኘው የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ መጫወትን ተማረ። በ1886 ከአንድ የኦፔራ ቡድን ጋር ወደ ብራዚል ሄዶ ሳለ፣ ሰኔ 30 ቀን በሪዮ ዴ ጃኔሮ የቡድኑ መሪ ሥራውን ጥሎ ወጣ፤ የተተካውንም ሕዝቡ በጩኸት አባረረው። ጓደኞቹ ገፋፍተውት የ19 ዓመቱ ቼሎ ተጫዋች ዘንጉን አነሣ፤ የኖታውንም መጽሐፍ ዘግቶ የቬርዲን «አይዳ» ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሉ መራ። ዓይኑ አርቆ የማያይ ስለ ነበር መላውን ድርሰት በኅሊናው ማኖር ልማዱ ሆነ። በዓመቱም የካቲት 5 ቀን 1887 የቬርዲ «ኦቴሎ» ሚላኖ በሚገኘው በላ ስካላ ቲያትር ለመጀመሪያ ጊዜ ሲቀርብ ከቼሎ ተጫዋቾቹ መካከል ተቀምጦ ነበር። የካቲት 1 ቀን 1896 ደግሞ የፑቺኒን «ላ ቦኤም» በቶሪኖ ለመጀመሪያ ጊዜ መርቶ ለሕዝብ አሰማ። እነዚህን ሁለት ቀኖች በልብ መያዝ ያስፈልጋል፤ ኋላ ይመለስባቸዋልና።

እንዲህ ያለው ሰው ከሸክላ ማሽን ፊት የቆመው በ53 ዓመቱ ነው። በታኅሣሥ ወር 1920 የላ ስካላን ኦርኬስትራ ይዞ አሜሪካን ሲዞር፣ በኒው ጀርሲ ግዛት በካምደን ከተማ የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ቀረጸ። በዚያን ዘመን ድምፅን ለመቅረጽ ኤሌክትሪክ አልገባበትም ነበር። ተጫዋቾቹ በአንድ ትልቅ ጡሩምባ መሰል ቀንድ ዙሪያ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ የድምፃቸውም ኃይል ብቻውን መርፌውን እየገፋ ሰሙን ይጭራል። ለስለስ ያለው ድምፅ አይያዝም፤ ወፍራሙም ይደበዝዛል። የሸክላው አንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም ስለማያልፍ ረጅሙ ድርሰት እንደ ጨርቅ መቆረጥ ነበረበት። በአንድ ኖታ መጓደል የሚቆጣ ሰው በዚህ አሠራር ደስ ሊለው አልቻለም።

በ1925 ማይክሮፎን ከገባ በኋላ ድምፁ ተሻሻለ፤ የአራት ደቂቃው ቁራጭ ግን አልቀረም። ቶስካኒኒ በ1929 ከኒው ዮርክ ፊልሃርሞኒክ ጋር የሃይድንንና የሞዛርትን ሲምፎኒዎች ከቀረጸ በኋላ እስከ 1936 ድረስ ለሽያጭ የሚሆን ሌላ ሸክላ አልፈቀደም። በ1936 ከዚሁ ኦርኬስትራ ጋር የቀረጸው የቤትሆቨን 7ኛ ሲምፎኒ እስከ ዛሬ ድረስ ከምርጦቹ መካከል ይቆጠራል። እንግዲህ በጉብዝናው ዘመን የመራቸው እጅግ ብዙ ምሽቶች ያለ ምስክር አልፈዋል ማለት ነው።

ከሸክላዎቹ የሚበዙት በአገሩ ሳይሆን በአሜሪካ የተቀረጹበትም ምክንያት አለው። ቶስካኒኒ በ1919 በሚላኖ ምርጫ ከሙሶሊኒ ወገን ጋር በእጩነት ቀርቦ ነበር፤ ይህን መሸሸግ አይገባም። ነገር ግን የፋሽስትን ጠባይ ሲያውቅ ፈጥኖ ተለየው። ግንቦት 14 ቀን 1931 በቦሎኛ የፋሽስቶችን መዝሙር አላሰማም ስላለ በቲያትሩ በር ላይ ፋሽስቶች በጥፊ መቱት። ይህ አገዛዝ በ1935 ኢትዮጵያን የወረረው ያው አገዛዝ ነው። በ1933 ሂትለር አይሁድ ሙዚቀኞችን ማሳደድ ሲጀምር ቶስካኒኒ በባይሮይት በዓል ላይ አልመራም አለ፤ በታኅሣሥ ወር 1936 ደግሞ ከአውሮጳ በተሰደዱ አይሁድ ሙዚቀኞች የተቋቋመውን ኦርኬስትራ በቴል አቪቭ የመጀመሪያውን ትርኢት መራለት። በ1938 ኢጣልያን ለቅቆ ወጣ፤ ጦርነቱም እስኪያልቅ ድረስ በአገሩ አልመራም። ስለዚህ በሸክላዎቹ ላይ የሚሰማው ድምፅ በአብዛኛው የስደተኛ ሥራ ነው።

በአሜሪካ ኤን ቢ ሲ የተባለው የራዲዮ ኩባንያ ለእርሱ ሲል አንድ ሙሉ ኦርኬስትራ አቋቋመ። ቶስካኒኒም ታኅሣሥ 25 ቀን 1937 በ70 ዓመቱ የመጀመሪያውን ትርኢት መራ። ሌላው ሰው ጡረታ በሚወጣበት ዕድሜ እርሱ 17 ዓመት የሚዘልቅ ሥራ ጀመረ ማለት ነው። ትርኢቶቹ በራዲዮ ስለሚተላለፉ ኩባንያው እየቀረጸ ያኖራቸው ነበር፤ ስለዚህም ለሽያጭ ካልታሰቡት ብዙዎቹ ተረፉ። ብዙ ጊዜ የሚጫወቱበት ስቱዲዮ 8ኤች የተባለው አዳራሽ ግን ድምፅን የማያስተጋባ ደረቅ ቤት ነበር። የብዙዎቹ ሸክላዎች ድምፅ ሻካራ መሆኑ ከመሪው ብቻ የመጣ አይደለም፤ ከግድግዳውም ነው። በጥራት የሚፈርድ ሰው ይህን መለየት ይገባዋል።

የቶስካኒኒን ጠባይ ከሁሉ ይልቅ የሚገልጸው የፊላደልፊያው ነገር ነው። በ1941ና በ1942 ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር የሹበርትን 9ኛ ሲምፎኒ፣ የቻይኮቭስኪን 6ኛ፣ የደቡሲን «ላ ሜር»ና ሌሎችንም ቀረጸ። ከቀረጻው በኋላ ግን ሸክላ የሚታተምባቸው ዋና ቅርጾች በፋብሪካ ሲዘጋጁ ተበላሹ፤ የሚንጫጫና የሚንኮሻኮሽ ድምፅ ገባባቸው። ጊዜው የጦርነት ነበር። ደግሞም በነሐሴ 1942 የሙዚቀኞች ማኅበር ቀረጻ እንዲቆም ስላዘዘ ሥራውን ለመድገም አልተቻለም። ቶስካኒኒ ሙዚቃውን ቢወደውም የተበላሸው ቅርጽ በስሙ እንዲወጣ አልፈቀደም። እርሱ ከሞተ በኋላ የድምፅ ባለሙያዎች እየፈተጉ እያጸዱ፣ የሹበርቱ በ1963፣ የቀሩት በ1976 ወጡ። ያዳመጡትም ሊቃውንት ሥራው ከምርጦቹ መካከል መሆኑን መሰከሩ። መሪው «አይሆንም» ብሎ የመለሰው ሥራ በሌሎች ሰዎች ትዕግሥት ተረፈ።

ከላይ የተጠቀሱት ሁለት ቀኖች የሚመለሱት እዚህ ላይ ነው። በየካቲት 1946 ቶስካኒኒ «ላ ቦኤም»ን ለመጀመሪያ ጊዜ ከመራ 50 ዓመት ሲሞላው በራዲዮ መልሶ መራው፤ በታኅሣሥ 1947 ደግሞ «ኦቴሎ»ን፣ በቬርዲ ፊት ቼሎ ከተጫወተበት 60 ዓመት በኋላ። ሁለቱም ተቀርጸው ይገኛሉ። በ«ላ ቦኤም» ሸክላ ላይ ከዘፋኞቹ ድምፅ ጀርባ አንድ የጎረነነ የሽማግሌ እንጉርጉሮ አልፎ አልፎ ይሰማል፤ ሳያውቀው አብሮ የሚያንጎራጉረው ራሱ መሪው ነው። የማረሚያ ባለሙያ ቢያገኘው ስሕተት ብሎ ሊያጠፋው ይችል ነበር። ለተተኪው ትውልድ ግን በደራሲው ዘመን የነበረ ሰው ሕያው ትንፋሽ ነው።

ሸክላ መልካሙን ብቻ አያስቀርም። ቶስካኒኒ ደራሲው የጻፈውን ብቻ የሚያሰማ መሪ ነው እየተባለ ይወደስ ነበር፤ እርሱም ይህን ይናገር ነበር። የተቀረጸው ምስክር ግን ነገሩ ከዚህ የሰፋ መሆኑን ያሳያል። የቤትሆቨን 3ኛ ሲምፎኒ በእርሱ መሪነት በ1939፣ በ1949ና በ1953 ተቀርጿል። ሦስቱን በተርታ የሚያዳምጥ ሰው ኖታው አንድ ሆኖ ሳለ ፍጥነቱም መንፈሱም አንድ እንዳልሆነ ያስተውላል። በአንዳንድ ደራሲዎች ሥራ ላይ የመሣሪያዎችን ድርሻ እንዳሻሻለ፣ ከቻይኮቭስኪ «ማንፍሬድ» ሲምፎኒ ላይም ክፍል እንደ ቆረጠ ይታወቃል። ይህ ሐሰተኛ አያሰኘውም፤ ለመጽሐፉ መታመን ማለት በየጊዜው መጽሐፉን እንደ አዲስ ማንበብ መሆኑን ያስረዳል እንጂ። በ1939 ያሰበው ትክክል ነው ብሎ በዚያ አልተኛም።

ሌላው ምስክር የልምምድ ቀረጻ ነው። የራዲዮው ባለሙያዎች ከትርኢት በፊት የሚደረጉትን ልምምዶች ብዙ ጊዜ ቀርጸዋል። በእነዚህ ውስጥ አንዲትን ሐረግ ደጋግሞ ሲያስነሣ፣ ተጫዋቾቹን «ዘምሩ» እያለ ሲለምን፣ ራሱም በተሰነጠቀ ድምፁ እየዘመረ ሲያሳይ ይሰማል። ደግሞም ሲጮኽ፣ ሲሳደብ፣ ሲያዋርድ ይሰማል። ተጫዋቾቹ ታላላቅ ባለሙያዎች ስለ ነበሩ ብዙዎቹ ታገሡት። ከዚህ ተነሥቶ ውጤቱ ያማረው በቁጣው ነው የሚል መምህር ቢኖር ግን ቀረጻውን በደንብ አላዳመጠም። ከቁጣው በኋላ ያለው ድግግሞሽ ብዙ ጊዜ ከበፊቱ የተሻለ አይደለም፤ የሚሻለው ስሕተቱ የት እንዳለ በትክክል ከተናገረ ወይም ዘምሮ ካሳየ በኋላ ነው። ቁጣው ለማንም የሚጠቅም ቅርስ አይደለም። ጆሮው ግን ሊወረስ ይገባዋል።

ቶስካኒኒ የመጨረሻውን ትርኢት ሚያዝያ 4 ቀን 1954 በኒው ዮርክ በካርኔጊ አዳራሽ መራ። 87 ዓመት ሆኖት ነበር። በዋግነር ሙዚቃ መካከል ከ68 ዓመት በፊት በሪዮ ያላሳፈረችው ያች የማስታወስ ችሎታ ለጥቂት ጊዜ ከዳችው፤ ዘንጉም ተወላወለ። ይህም ተቀርጾ ቀርቷል። ሆኖም በዚያው ዓመት በሰኔ ወር እንደ ገና ወደ አዳራሹ ተመልሶ በቀድሞዎቹ የቬርዲ ኦፔራ ቅጂዎች ላይ ያላማሩትን ጥቂት ክፍሎች ደግሞ አስቀረጸ። ከዚያም በኋላ ጥር 16 ቀን 1957 እስኪሞት ድረስ በሪቨርዴል ቤቱ ከልጁ ከዋልተር ጋር ተቀምጦ ቅጂዎችን እያዳመጠ ይህን ይውጣ፣ ያንን ተዉት እያለ ይመርጥ ነበር። ዋልተርም እስከ ዕለተ ሞቱ ድረስ፣ ይኸውም እስከ 1971፣ ቅጂዎቹን ሲሰበስብና ሲያደራጅ ኖረ። ይህ ስብስብ ዛሬ በኒው ዮርክ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ይጠበቃል። በ2012ም በኩባንያው የታተሙት ሥራዎቹ በአንድነት ተሰብስበው በ84 ሲዲ ወጡ። የመጀመሪያዎቹን ሸክላዎች ያልወደደው ሰው፣ ከዘመኑ መሪዎች ሁሉ እጅግ ብዙ ምስክር ከተዉት አንዱ ሆነ።

ነገር ግን ከ84ቱ ሲዲዎች ውስጥ የማይገኝ አንድ ሌላ ቀረጻ አለ። ቶስካኒኒ መምራት ካቆመ በኋላ ኩባንያው ኦርኬስትራውን በተነው። ተጫዋቾቹ ግን አንበተንም ብለው «የአየር ሲምፎኒ» የሚል ስም ለራሳቸው ሰጡ፤ በጥቅምት ወር 1954 በካርኔጊ አዳራሽ የመጀመሪያውን ትርኢታቸውን ሲያቀርቡ የመሪውን መቆሚያ ባዶ ተዉት። ዘንግ የሚያነሣ ማንም አልነበረም። እርስ በርሳቸው እየተደማመጡ፣ 17 ዓመት የተማሩትን በጆሯቸው ይዘው ያለ መሪ ተጫወቱ። ያም ተቀርጾ ይገኛል።

ሸክላ የመምህርን ድምፅ ያስቀራል፤ ይህ ታላቅ ጸጋ ነው። ትምህርቱ መግባቱ የሚታወቀው ግን መምህሩ ከክፍሉ ወጥቶ ሰሌዳው ባዶ ሲሆን ነው። ስለ ቶስካኒኒ ቅርስ የሚጠይቅ መምህር አስቀድሞ ሸክላዎቹን ያዳምጥ፤ ያማረውንም ያልማረውንም ሳይፈራ ይለይ። ቀጥሎም በባዶው መቆሚያ ፊት የተጫወቱትን ያዳምጥ። ከዚያ በኋላ ወደ ክፍሉ ሲመለስ፣ እርሱ በሌለበት ቀን ደቀ መዛሙርቱ ምን እንደሚያሰሙ ራሱን ይጠይቅ።