ስለ ኤስ ዲ ኤል 39 ሎኮሞቲቭ
(በዕድራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዳኛችን ለአባላት ትምህርት የሚሆን ነገር ተናገሩ ስላሉን ስለ ባቡር እንናገራለን። ከምድር ባቡር ጡረታ የወጣን ሰዎች ሌላ ወሬ ብንጀምርም ዞሮ ዞሮ ወደ ሐዲዱ መመለሳችን አይቀርም። እኛ ጸሐፊዎች መኪናውን አልነዳንም፤ የጭነቱን ኩንታል ስንመዘግብ ነው የኖርነው። ስለዚህ ዛሬም ሒሳቡ በኩንታል ነው፤ ዓመቱ ደግሞ በፈረንጆች አቆጣጠር።

በአሜሪካ ሚልዋኪ ሮድ የሚባል የባቡር ኩባንያ ነበር። እንደ ሚኒሶታና አዮዋ ባሉ የእህል አገሮች ከዋናው መስመር እየተገነጠሉ ወደ ትናንሽ ከተሞች የሚገቡ ብዙ ቅርንጫፍ መስመሮች ነበሩት። ሐዲዳቸው ቀጭን፣ ድልድያቸው ደካማ። ገበሬው ግን እህሉን የሚልከው በነሱ ነው። በ1940ዎቹ የተሠሩት የአልኮ ሎኮሞቲቮች ሲያረጁ የሚተካቸው ጠፋ፤ አዲስ የሚወጣው ሁሉ ከባድ ሆነ።

በ1969 ጄኔራል ሞተርስ ለዚህ ኩባንያ ብሎ ኤስ ዲ ኤል 39ን ሠራ። እስከ 1972 ድረስ 10 ብቻ ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ አልተደገመም። ባለ 12 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር፣ 2,300 የፈረስ ጉልበት። ክብደቱ 113 ቶን፣ ማለት 1,130 ኩንታል ግድም ነው። እንዴ፣ ይህ ነው ቀላል? ትሉ ይሆናል። ጥያቄው እኮ አንዱ አክስል ስንት ይሸከማል ነው። ይህንኑ 1,130 ኩንታል በአራት አክስል ብታስቀምጡት በያንዳንዱ 280 ኩንታል ያርፋል። በስድስት ሲሆን 190 እንኳ አይሞላም። ቃሬዛ ተሸክሞ የሚያውቅ ሰው ይህን አስረዱኝ አይልም፤ አራት ሆኖ መሸከምንና ስድስት ሆኖ መሸከምን ትከሻው ይለየዋል።

አሮጌዎቹ አልኮዎችም ስድስት አክስል ነበራቸው። ነገር ግን የመካከሎቹ ሞተር ስለሌላቸው ይሸከማሉ እንጂ አይጎትቱም። (በኛ ቃሬዛ ሥር ደግሞ የሚነካ እንጂ የማይሸከም አለ፤ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።) በአዲሱ ግን ስድስቱም ይጎትታሉ። ቁመቱንም አሳጥረው፣ ወደ ውጭ አገር ለሚላኩ ሎኮሞቲቮች የሚሠራውን ቀለል ያለ የእግር ክፍል ገጠሙለት።

መኪናው ደህና ሥራ ነው። የታመመው ግን ሐዲዱ ነበር። ለጥገና የሚያስፈልገው ገንዘብ ለዓመታት ሳይወጣ ቀረ፤ ፍጥነቱ ተቀነሰ፣ ጭነቱም ወደ ካሚዮን ሄደ። በ1977 ኩባንያው ከሰረ፤ በ1980 በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ተዘጋ። ሎኮሞቲቭ ማቅለል የቀጭን ሐዲድን ዕድሜ ያራዝማል እንጂ የበሰበሰ እንጨት አይቀይርም። የኛ አሮጌ የጅቡቲ መስመርም ሲጀመር አንዱ ሜትር 20 ኪሎ በሚመዝን ሐዲድ ስለተሠራ፣ ይህ ነገር የባዕድ ወሬ አልመሰለንም።

በደቡብ ዳኮታ ግን የገበሬው እህል ከነጎተራው ሊቀር ሲል የግዛቲቱ መንግሥት በ1980ዎቹ መጀመሪያ መስመሮቹን ራሱ ገዛ። ለኛ ከመኪናውም ይልቅ የሚያስደንቀው ይህ ነው። ባለቤቱ ትቶት ሲሄድ የሚገለገልበት ሰው አልተወውም።

ሎኮሞቲቮቹስ የት ደረሱ? ከ1987 በኋላ ዊስኮንሲን ሴንትራል የሚባል ኩባንያ አሠራቸው። ኋላም ከአገር ወጥተው ሰሜን ቺሊ ገቡ። የዚያ ሐዲድ ስፋቱ እንደ አሮጌው መስመራችን 1 ሜትር ነው፤ ጭነቱም እህል ሳይሆን የበረሃ ማዕድን።