ፍሎሪን ያለው አሚድ

የዛሬው ርዕሳችን ፍሎሪን ያለው አሚድ ነው። ስሙ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን ከእኛ ሩቅ አይደለም።

አሚድ ከኦክሲጅን ጋር የተያያዘ ካርቦን ከናይትሮጅን ጋር የሚፈጥረው ጠንካራ ትስስር ነው። የሰውነታችን ፕሮቲን ሁሉ የተያያዘው በዚሁ ነው። ታዲያ አሚድ ባለው መድኃኒት ላይ ፍሎሪን ሲጨመር፣ መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ በሰውነት ውስጥ ቶሎ አይፈራርስም።

ሊኔዞሊድ የተባለውን ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እንውሰድ። ፍሎሪንም አሚድም አለው። መድኃኒት ለተላመደ ቲቢ ይሰጣል፤ ይህ ቲቢ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታልም ይታከማል። ሊኔዞሊድ ባክቴሪያው ፕሮቲን እንዳይሠራ ያግደዋል። ፕሮቲን ካልሠራ ደግሞ አይራባም።

እሺ፣ ኬሚስቶች ፍሎሪን ያለውን አሚድ «ያለ ብረታ ብረት መሥራት» ሲሉስ ምን ማለታቸው ነው? የወገራን ጠላ አስቡ። ጌሾው ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ ግን ጠላው ከአተላው መጥለል አለበት። ኬሚስቶችም ፍሎሪን ያለው አሚድ ሲሠሩ፣ አንዳንዴ እንደ ፓላዲየም ያለ ብረት ሥራውን ለማፋጠን ይጨምራሉ። ፓላዲየም ውድ ነው። ርዝራዡም ከመድኃኒቱ በሚገባ መጽዳት አለበት፤ ማጽዳቱ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው፣ እውነቱን ለመናገር አሰልቺም ነው። ስለዚህ ተመራማሪዎች ብረቱን ትተው በብርሃን፣ በሙቀት ወይም በርካሽ ኬሚካል ይሞክራሉ።

የተሠራው አሚድ ባክቴሪያ በተዘራበት ሰሃን ላይ ይፈተናል። ፍሎሪን ያለው አሚድ ከሠራ፣ ዙሪያው ባክቴሪያ የማያድግበት ጥርት ያለ ክብ ይታያል። ሰሃን ላይ የሠራ ሁሉ ግን መድኃኒት አይሆንም፤ ጉዳት እንዳለውም ይጣራል። ሊኔዞሊድ እንኳ ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የደም ሴሎችን ሊቀንስ ስለሚችል፣ ታማሚው በየጊዜው ደሙን ይመረመራል።