ከሳሽም ዳኛም አንድ ሲሆን
(በስቶክሆልም፥ ሶደርማልም ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



እዚህ ሶደርማልም ተሰብስበን ስለ ፌዴሬሽን በተነጋገርን ቁጥር ክርክራችን «ይኑር፥ አይኑር» በሚል ጩኸት ያልቃል። ዛሬ የምንጠይቀው ግን ሌላ ነው። ማዕከላዊው መንግሥትና ክልሉ «ይህን ሕግ የማወጣው እኔ ነኝ» ብለው ሲካሰሱ ዳኛው ማን ነው?

ጥያቄው አዲስ አይደለም። የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ኅዳር 23 ቀን 1943 ዓ.ም. በወሰነው መሠረት ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ስትተሳሰር፥ መከላከያ፥ የውጭ ጉዳይ፥ ገንዘብ፥ የውጭ ንግድና ወደቦች ለፌዴራሉ መንግሥት ተሰጡ፤ የቀረው የውስጥ ጉዳይ የኤርትራ ሆነ። ክፍፍሉ በወረቀት ላይ ግልጽ ነበር። ነገር ግን ከሁለቱም ወገን በእኩል ቁጥር እንዲቋቋም የታሰበው የፌዴራል ምክር ቤት ከመምከር በቀር የመወሰን ሥልጣን አልተሰጠውም። ፌዴራል የተባለውም ራሱ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ነበር። ኅዳር 5 ቀን 1955 ዓ.ም. ፌዴሬሽኑ ፈረሰ፤ በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው ጦርነትም 30 ዓመት ፈጀ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥትስ? አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን ይዘረዝራል፤ አንቀጽ 52 የቀረውን ለክልሎች ይተዋል። የመሬት አጠቃቀምን ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ በዚያ ሕግ መሠረት መሬቱን የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። የጎጃም ገበሬ የይዞታ ደብተር እንግዲህ በሁለት ዐዋጅ ሥር ያድራል። ሁለቱ ቢጋጩ ግን ሕገ መንግሥቱን የሚተረጕመው ፍርድ ቤት ሳይሆን የፌዴሬሽን ምክር ቤት፥ ማለት የፖለቲካ ሰዎች ሸንጎ ነው። አንድ ፓርቲ ማዕከሉንም ክልሉንም ሲይዝ ክርክሩ በፓርቲ ስብሰባ ይታፈናል፤ ፓርቲው ሲሰነጠቅ ዳኛውን የሚያምን አይገኝም።

በ2012 ዓ.ም. ይህንኑ አየን። ፌዴራሉ ምርጫውን አራዘመ፤ ትግራይ በራሷ የምርጫ ሕግ ጳጉሜን 4 ቀን መረጠች፤ ምክር ቤቱ ዋጋ የለውም አለ፤ መቀሌ አልተቀበለችውም። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ጦርነት ተነሣ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነበር አንልም፤ ሁለቱም የሚያምኑት ዳኛ እንዳልነበረ ግን አንክድም።

«ፍርድ ቤትስ ከገዢው እጅ መች ይወጣል?» የሚሉን ወንድሞች እውነት አላቸው። ጥያቄው ዳኛው እንዴት ይሾም የሚል ነው። በጀርመን የሕገ መንግሥት ዳኞችን ግማሹን የሕዝብ እንደራሴዎች፥ ግማሹን የክልል መንግሥታት ምክር ቤት ይመርጣሉ፤ የሥራ ዘመናቸው 12 ዓመት ነው፥ ዳግመኛም አይመረጡም። ስለዚህ የማንንም ደጅ አይጠኑም።

ይህ ለእኛ ባዕድ ነውን? አገራችን ሁለት ሰዎች ሲጣሉ ሽማግሌ የሚመረጠው ከሁለቱም ወገን ነው። ገበሬው ያወቀውን መንግሥት ይማረው።