ስለ አፈር ግድብና ስለ አደጋው ደረጃ



እኛ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች በዚህ በዓል እንድንናገርበት የመረጥነው ነገር የአፈር ግድብ ነው። ስለ ጋፋት መድፍ ብንናገር ሳይሻል አልቀረም የሚል ይኖራል፤ ነገር ግን ስለ ጋፋት ብዙ ተነግሯል። ከከተማችን ከደብረ ታቦር አጠገብ ስላለው ስለ ሰላምኮ ግድብ ግን መስኖ ካልተነሣ በቀር የሚያወራ ጥቂት ነው።

የአፈር ግድብ የሚሠራው አፈሩ በስሱ እየተነጠፈና በሚገባ እየተጠቀጠቀ ነው። ብዙ ሲሚንቶና ብረት ስለማይሻ ለደጋ አገር ይስማማል። ጠላቱ ግን ያው ያጠራቀመው ውሃ ነው። ጎርፍ በጫፉ ላይ ካለፈ አፈሩ እየተሸረሸረ ይሄዳል፤ ስለዚህ በጎኑ የትርፍ ውሃ ማስተንፈሻ ይበጅለታል። እንደዚሁም ውሃ በሆዱ ውስጥ ይሰርጋል። በግርጌው ጥቂት ጥርት ያለ ውሃ ቢታይ ብዙ አያስደነግጥም፤ የደፈረሰ ከሆነ ግን አፈሩን ይዞ እየወጣ ነውና ነገሩ ያስፈራል። በአሜሪካ የቴቶን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1976 መጀመሪያ ሲሞላ የፈረሰው ውሃ በውስጡ አፈሩን እያጠበ ስለ ወጣ ነው።

አሁን እጅግ ወዳስገረመን ነገር እንመጣለን። ዓለም አቀፉ የታላላቅ ግድቦች ኮሚሽን ታላቅ የሚለው ቁመቱ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን፣ ወይም ከ5 እስከ 15 ሜትር ሆኖ ከ3 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውሃ የሚይዘውን ነው። ይህ የመጠን ደረጃ ነው። የአደጋ ደረጃ ግን ሌላ ነው፤ ይኸውም ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ ተብሎ ይከፈላል። ግድቡ ጠንካራ ነው ወይም ደካማ ነው አይልም። የሚጠይቀው፣ ቢፈርስ ከሥሩ ማን አለ? ብሎ ነው። የሰው ሕይወት የሚጠፋ ከመሰለ ደረጃው ከፍተኛ ነው። ስለዚህ በግድቡ ላይ አንድ ቁና አፈር ሳይነካ፣ ከሥሩ ቤት ስለ ተሠራ ብቻ ደረጃው ይለወጣል።

በአሜሪካ በጆርጂያ የነበረው የኬሊ ባርንስ ግድብ ቁመቱ 12 ሜትር ያህል ነበር፤ የያዘውም ውሃ 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ አይሞላም ነበር። በመጠን ሲታይ ትንሽ ነው። ነገር ግን ከሥሩ የመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ነበረ። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 1977 ከብዙ ዝናብ በኋላ ሰው በተኛበት ሌሊት ፈረሰና 39 ሰዎች ሞቱ። ፕሬዚዳንት ካርተር ከፍተኛ አደጋ ያለባቸው ግድቦች እንዲመረመሩ ያዘዙት ከዚህ በኋላ ነው። ተማሪዎች ስለ ሆንን ይሆናል፣ ይህን ስናነብ ክፍሉ ጸጥ አለ።

በእኛ አገር ደግሞ ደለል አለ። ለጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ የተሠራው የአንገረብ ግድብ፣ ከታረሰው ተዳፋት ታጥቦ በሚወርደው አፈር ብዙ ቦታውን አጥቷል። ሰው የሚያዝነው ውሃው ስላነሰ ነው፤ ደለሉ የጎርፉን ማረፊያ ስለሚይዝ ማስተንፈሻው ላይ ጫናው እንደሚበዛ ግን የሚያስብ ጥቂት ነው። ከጉና የሚወርዱት ርብና ጉማራ በክረምት እንዴት ደፍርሰው ወደ ጣና እንደሚሄዱ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት መጽሐፍ አያሻውም።

ወላጆቻችን ሆይ፣ በየቀበሌው ለመስኖም ሆነ ለከብት ማጠጫ ትንሽ ግድብ ያላችሁ ሁሉ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት። ከሥሩ ባለው ወንዝ ዳር ቤት ለመሥራት መሬት ሲመራ፣ ግድቡ መኖሩን የሚያስታውስ ሰው በዚያ ስብሰባ ላይ ይኑር። ከሰኔ በፊትም ማስተንፈሻው ከቁጥቋጦና ከድንጋይ ይጠረግ፤ በግድቡ ላይ ዛፍ አይተከል፤ ሥሩ ለውሃ መንገድ ይከፍታልና። በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ አንድ ዘበኛ በየጧቱ ግርጌውን እየዞረ፣ ውሃ ወጥቶ እንደ ሆነ፣ ጥርት ያለ ወይስ የደፈረሰ እንደ ሆነ በደብተር ይጻፍ። መጻፍ ባይችል፣ ልጁ ይጽፍለታል።