ንፋስ ሲነሳ፦ ጣሪያውና ባጃጁ

(አጭር የመግቢያ ሙዚቃ)

አቅራቢ፦ በግንቦት 2010 ዓ.ም. ሳጋር የተባለው የውቅያኖስ አውሎ ንፋስ ሶማሌላንድን መትቶ ጂቡቲን ሳይቀር በጎርፍ አጥለቅልቆ ነበር። እንዲህ ያለው ማዕበል ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞቀ ባሕር ነውና እኛ ንፋስ መውጫና ጋይንት ደጋ ድረስ አይዘልቅም። የእኛ ስጋት ከነጎድጓድ ደመና ድንገት የሚወርደው፣ አንዳንዴም ከበረዶ ጋር የሚመጣው ንፋስ ነው።

ንፋስ ቆርቆሮን የሚነቅለው በመግፋት ብቻ አይደለም። በጣሪያው ላይ ፈጥኖ ሲያልፍ ወደ ላይ ይስበዋል፤ በር ክፍት ከሆነ ደግሞ ውስጥ ገብቶ ከሥር ያነሳዋል። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚላቀቀው ጠርዙና ማዕዘኑ ነው። ሚስማር የሚቆጠብ ከሆነ እንኳ እዚያ ላይ አይሁን! ማገሩን ከወራጁ፣ ወራጁንም ከግድግዳው ምሰሶ ጋር በሽቦ ማሰር ያስፈልጋል፤ አለዚያ ቆርቆሮው የሚሄደው ከነእንጨቱ ነው። ድንጋይ መጫንስ? እኔ አልመክርም። ሲወርድ የሚያገኘው የሰው ራስ ወይም የመኪና መስታወት ነው።

ባጃጅ ቀላል ናት፣ ሸራዋም ንፋስ ይይዛል። ጠንካራ ግንብ ጥግ አቁሞ፣ የእጅ ፍሬን ይዞ ጎማዋን በድንጋይ መደገፍ ነው። ባሕር ዛፍ ሥር ግን ባጃጅም አይሱዙም አይቆምም።

ስለ ኢንሹራንስም አንድ ነገር፦ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የራስዎን መኪና ጉዳት አይከፍልም። ሙሉ ሽፋን ሲገቡም ማዕበልና በረዶ መካተታቸውን ሳይጠይቁ አይፈርሙ።

(ሙዚቃ)